በመዓዲ ዳርቻ፣ በሸራ ጀልባ

ስለ ዕረፍት ቀን አጠቃቀም በተነጋገርን ጊዜ «እኛ እኮ የዕረፍት ቀናችን በእንቅልፍ ነው የሚያልቀው» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። እውነታችሁን ነው። ስድስት ቀን በሰው ቤት ቆሞ የዋለ ሰው በሰባተኛው ቀን ቢተኛ አይፈረድበትም። ሆኖም ካይሮ ከምትኖሩት መካከል ዓባይን ከአውቶቡስ መስኮት እያያችሁ ስንት ዓመት ተቀምጣችሁ አንድ ቀን እንኳ ውኃው ላይ ያልወጣችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። እኛም እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ከእናንተው አንዱ ነበርን። በሌላ አገር ያላችሁ እህቶች ደግሞ ወሬውን አብራችሁ ስሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘመነ ጽጌ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አምስት እህቶች «ዛሬስ ወደ ወንዙ እንሂድ» ብለው ተነሡና እኛንም ጨመሩን። በሜትሮ አንደኛው መስመር መዓዲ ጣቢያ ወርደን ወደ ኮርኒሹ በእግር ሄድን። ከእህቶቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡትን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ዐረብኛውን እንደ አገሬው ስለሚናገሩ የዋጋውን ነገር ለእርሳቸው ተውን።

ፈሉካ የሚባለው ጀልባ ሞተር የለውም። ከእንጨት የተሠራ፣ ወገቡ ሰፊ፣ ሆዱ ጠፍጠፍ ያለ ነው። አንድ ምሰሶ አለው፤ በምሰሶው ጫፍ ላይ በሰያፍ የታሰረ ረጅም እንጨት አለ፤ ከዚያ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ትልቅ ሸራ ይንጠለጠላል። መቀመጫው ዙሪያውን ነው። በየማታው መብራት አብርቶ ሙዚቃ እያስጮኸ የሚያልፈው ባለ ሞተሩ ሌላ ነው፤ በእርሱ ከማታውቁት ሕዝብ ጋር ተጨናንቃችሁ ትቀመጣላችሁ። ፈሉካ ግን ጀልባው በሙሉ በሰዓት ይከራያል። አንድ ሰውም ሆናችሁ ስድስት፣ ዋጋው ያው ስለሆነ ተሰብስቦ መሄድ ይሻላል።

ጀልባ ነጂውን «ራይስ» ይሉታል። የእኛው ራይስ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጋቢያውን የሰበሰበ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሽማግሌ ነበር። እትዬ «ያ ራይስ፣ ሰዓቱ በስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁት እርሱ ከኋላችን ወደ መንገዱ ተመለከተና «መዳም የት አሉ?» አለ። አሠሪዎቻችን ኋላ እየመጡ እኛን ዋጋ እንድንጠይቅ የላኩን መስሎት ነው። እህቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እትዬ ሳይቆጡ፣ ረጋ ብለው፣ «መዳም የለም። ተሳፋሪዎቹም ከፋዮቹም እኛ ነን» አሉት። ሽማግሌው አፍሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «አህላን ወሰህላን» አለን። ከዚያ በኋላ የጠራው ዋጋ ግን ከማፈሩ ጋር አይገናኝም ነበር! እትዬ ሰምተው ዝም ብለው መሄድ ጀመሩ። አሥር እርምጃ ሳይራመዱ ጠራቸው፤ በግማሹ ተስማማን። ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አልበለጠም።

ገንዘቡን ስትመለሱ እንጂ ስትሳፈሩ እንዳትሰጡ። ዋጋው ለስንት ሰዓት እንደሆነም አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ይህን ባለማድረጋችን ምን እንደገጠመን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን።

የተንሳፋፊ ሰደርያ ጉዳይም አለ። ጠየቅን። ራይሱ ከመቀመጫው ሥር አራት አወጣ፤ እኛ ስድስት ነን። «ማዓሌሽ፣ ዓባይ የተረጋጋ ነው» አለን። እትዬ እምቢ አሉ። ከጎን ከቆመው ጀልባ ሁለት ተበድሮ አመጣ። አንዱ ማሰሪያው የተበጠሰ ስለነበር በነጠላ አሰርነው። ያስቃል፤ ነገር ግን ከእኛ መካከል ዋና የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። የናንተው ራይስ ሰደርያ የለኝም ካላችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ ዳርቻው ሙሉ ጀልባ ነው።

ከዚያ ወደ ሳንቃው መጣን። አራቱ እህቶች እየተሳሳቁ ተሻገሩ። አምስተኛዋ ቆመች። ስሟን እንዳንጽፍ ነግራናለች፤ የሆነውን ግን ጻፉት ብላለች። ራይሱ እጁን ዘርግቶ «ተዐሊ፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው» አላት። ግብፃውያን ዓባይን «ባሕር» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ለእርሱ ተራ ቃል ነው። እርሷ ግን ቃሉን ስትሰማ ወደ ኋላ አለች። ይህች እህታችን ወደ ካይሮ ከመምጣቷ ከዓመታት በፊት ከቦሳሶ ተነሥታ በሌሊት ወደ የመን ተሻግራለች። ዳርቻው ሳይደርስ ጀልባውን የያዙት ሰዎች ጥልቁ ላይ «ውረዱ» አሏቸው። አብራት የመጣችው የሰፈሯ ልጅ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም።

እኛ «ካልፈለግሽ ዳርቻው ላይ አብረንሽ እንቀመጣለን፣ ምንም አይደለም» አልናት። ሐሳባችንም ይኸው ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ቆይታ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ተሻገረች። ምሰሶው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንጨቱን በሁለት እጇ አቀፈችው። ራይሱ ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ሳይገባው አልቀረም። «ጥሩ ቦታ መረጥሽ፤ መካከሉ ብዙ አይወዛወዝም። ውኃውን አትይው፣ ማዶውን እይ» ብቻ አላት።

ጀልባዋ ከዳርቻው እንደራቀች ነፋሱ ሸራውን ሞላው፤ ድምፅ የሚባል ነገር ጠፋ። የኮርኒሹ መኪና ጩኸት እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ከወንዙ ማዶ ዘምባባና እርሻ፣ በስተሰሜን የቀለበት መንገዱ ድልድይ ይታያል። በወዲህኛው ዳርቻ ደግሞ ባለ ሦስት ጉልላቱ የመዓዲ ድንግል ማርያም ቤተ ክርስቲያን ታየችን። በግብፅ ትውፊት እመቤታችን ልጇን ይዛ ከዮሴፍ ጋር ወደ ላይኛው ግብፅ በጀልባ የተሳፈረችው ከዚህ ቦታ ነው፤ ወደ ውኃው የሚወርደው ደረጃ እስከ ዛሬ ይታያል። እህቶቹ በየጽጌው የሚሰሙት የስደት ታሪክ ከዚህ ከተቀመጡበት ውኃ ላይ የሆነ መሆኑን ሲሰሙ ዝም አሉ። አንዷ ብቻ «እንዲህ ባለ ጀልባ ነው?» አለች። ጀልባው ምን ዓይነት እንደነበረ አናውቅም፤ አቅጣጫውን ግን ነፋሱ ራሱ ያስረዳል።

ዓባይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወርዳል። እዚህ አገር የሚበዛው ነፋስ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ወደ ላይ ወደ ደቡብ ለመሄድ ሸራ መዘርጋት ነው፤ ነፋሱ ከጀርባ ይገፋል። ወደ ሰሜን ለመመለስ ደግሞ ውኃው ይወስዳል። የጥንት ግብፃውያን በሥዕል ጽሕፈታቸው ወደ ደቡብ መጓዝን ሸራዋ በተዘረጋ ጀልባ፣ ወደ ሰሜን መጓዝን ሸራ በሌላት ጀልባ ይጽፉት ነበር።

ራይሱ «ከየት ናችሁ?» አለን። «ሐበሻ» አልነው። «አህ፣ አስ-ሰድ!» ብሎ ሳቀ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ይህ ወሬ በየታክሲውና በየወጥ ቤቱ ያጋጥማችኋል። የእኛ ምክር በውኃ ላይ ሳላችሁ ከጀልባ ነጂ ጋር አትከራከሩ ነው። እትዬም «ውኃው ይኸው እየወረደ ነው፣ አንተም ይኸው ትሠራበታለህ» ብለው አሳለፉት።

ከዘጌ የመጣችው እህታችን ግን ልታሳልፈው አልቻለችም። እጇን በጀልባው ጠርዝ አውጥታ ውኃውን ነካችና «እውነት የእኛው ነው?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችን። አዎን፣ ከዓባይ ውኃ ከመቶ 85 ገደማ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ይወጣል፤ ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው ካርቱም ላይ ነው። ዱሮ በነሐሴና በመስከረም ወንዙ ከአገራችን ተራራ አፈር ጭኖ ደፍርሶ እስከዚህ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ወዲህ ግን ሙላቱ ቀርቷል፤ ውኃው ያልፋል፣ አፈሩ ግን ከግድቡ ኋላ ባለው ሐይቅ ይቀራል። እርሷ ይህን ስትሰማ ልጅ ሆና በጣና ላይ አባቷ በታንኳ እንደሚወስዳት ነገረችን። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ፣ በረጅም እንጨት እየተገፋ የሚሄድ ነው፤ ሸራ የለውም። የጥንት ግብፃውያንም የደንገል ጀልባ እንደነበራቸው ስንነግራት «ታዲያ ማን ከማን ወሰደው?» አለች። መልስ አልነበረንም።

መንዳቱን ራይሱ ለሁላችንም በየተራ አስተማረን። መሪው ረጅም እንጨት ነው፤ ኋላ ተቀምጣችሁ ትይዙታላችሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይሳሳታል፤ እንጨቱን ወደ ግራ ስትገፉት የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እትዬ ተራቸው ሲደርስ በቀጥታ ወደ ሸንበቆው ወሰዱን፤ ራይሱ ሮጦ ባይመልሰን ኖሮ ከነጀልባዋ እርሻ እንገባ ነበር። የዘጌዋ ልጅ ጎበዝ ሆነች። የእኛን ነገር ግን ባንጽፈው ይሻላል።

ስንመለስ ነገሩ ተለወጠ። አሁን ነፋሱ ከፊት ነው። በነፋስ ፊት በቀጥታ መሄድ ስለማይቻል አንዴ ወደ አንዱ ዳርቻ፣ አንዴ ወደ ሌላው በሰያፍ እየተመላለሱ ነው የሚሄዱት። ጀልባዋም ወደ አንድ ጎን ዘመም ትላለች። ነፋሱ በድንገት በረታና ዘነበለች፤ ሻይ የያዝንበት ፔርሙስ ተንከባለለ። ራይሱ «ወደ ላይኛው ጎን ተቀመጡ!» አለ፤ ሁላችን ተዛወርን። ምሰሶው ሥር ያለችው እህታችን «አውርዱኝ» ብላ ጮኸች። ደጋግማ «አውርዱኝ፣ አውርዱኝ» አለች። ወንዙ መካከል ነን፤ ወዴት ትወርዳለች?

ራይሱ መሪውን ለዘጌዋ ልጅ ሰጠና ወደ እርሷ ሄዶ የሸራውን ገመድ አስያዛት። ይህ ገመድ ሸራውን የሚስበው ነው። እንጨት ላይ አንድ ዙር ብቻ ይጠመጠማል እንጂ አይታሰርም፤ ስለዚህ ክብደቱን እንጨቱ ይይዘዋል፣ ሰው በአንድ እጁ ሊይዘው ይችላል። «ስትፈሪ ልቀቂው። ጀልባዋ ትቆማለች» አላት። አላመነችውም። ወዲያው ለቀቀችው። ሸራው ተርገበገበ፣ የዘነበለችው ጀልባ ቀና አለች፣ ፍጥነቷም ጠፋ። ውኃው ብቻ ቀስ እያለ ይወስደን ጀመር። ራይሱ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ጥቂት ቆይታ ገመዱን ሳበችው፤ ሸራው ሞላ፣ ጀልባዋ ሄደች። ደግማ ለቀቀችው፤ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ አደረገች። ማንም «በቃሽ» አላላትም። ከዚያ በኋላ ገመዱን እስከ መጨረሻው ድረስ ለማንም አልሰጠችም፤ ነፋስ ሲበረታ እርሷው ላላ ታደርገዋለች፣ ሲቀንስ ትስባለች። በኋላ ስንጠይቃት «ያን ጊዜ በእጄ ምንም አልነበረም» አለችን። ሌላ አልጨመረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

በዚህ መካከል የአንዷ እህታችን ስልክ ጮኸ። መዳም ናቸው፤ የልጁ ሸሚዝ የት እንዳለ ይጠይቃሉ። «ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ» አለቻቸው። «የት ነሽ? የምን ነፋስ ነው?» ሲሏት «ባሕር ላይ ነኝ» አለች፤ ሁላችን በሳቅ ፈረስን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ወደቀ። ይህ እዚህ የተለመደ ነገር ነው። ራይሱ መቅዘፊያ አውጥቶ እየቀዘፈ አደረሰን፤ አንድ ሰዓት የተባለው አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። የግማሽ ሰዓቱን ጨምሩ አለን። እትዬ «ነፋሱን እኛ አላቆምነውም» አሉ። እርሱም «እኔስ አቁሜዋለሁ?» አለ። የተጨማሪውን ግማሽ ከፍለን፣ ለሻይ ጥቂት ጨምረንለት ተለያየን።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ የመኖሪያ ወረቀታችሁን ያዙ። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ያላነሰ ሆናችሁ ሂዱ፤ ብቻውን የሚሄድ አይኑር። በመጋቢትና በሚያዝያ ኻምሲን የሚባለው የአሸዋ ነፋስ የሚነሣበት ቀን ስለሚኖር ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ካያችሁት ሌላ ቀን ይሁን። ውኃው ውስጥ አትዋኙ፤ ፊቱ ጸጥ ቢልም ሥሩ ይስባል። በክረምት ማታ ውኃው ላይ ስለሚበርድ ጋቢ ያዙ።

ሁለተኛው ጉዞ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው እሑድ ነው። ስድስት ሰው ሲሞላ አንድ ጀልባ፣ አሥራ ሁለት ሲሆን ሁለት እንከራያለን። ስማችሁን ከቅዳሴ በኋላ ለእትዬ አስመዝግቡ፤ ዋጋውን የሚነጋገሩት አሁንም እርሳቸው ናቸው። እስካሁን አራት ሰው ተመዝግቧል። ገመዱን የያዘችው እህታችን «እስቲ አያለሁ» ብላናለች።