የመታጠቢያ ቤት መደገፊያ ብረት ከሴራሚክ ሥራ በፊት ሊታሰብበት ይገባል

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፣ በመዲናዋ የሚሠሩ በርካታ ሠራተኞች መኖሪያ ቤታቸውን ደረጃ በደረጃ የሚገነቡባቸው ናቸው። በአርባ ዓመቱ ቤት የሠራ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣው ወደዚሁ ቤት ነው፤ ወላጆቹንም የሚጦረው እዚያው ነው። ይሁን እንጂ ለሳሎኑ ኮርኒስ የሚደረገው ጥንቃቄ ለመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሲደረግ እምብዛም አይታይም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞት የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ለሞት በሚያደርስ አወዳደቅ ይበልጥ የሚጎዱት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በእርጥብ ሴራሚክ ላይ እግሩ የከዳው ሰው የሚይዘው በቅርብ ያገኘውን ነው። የሚያገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፎጣ መስቀያውን ወይም የእጅ መታጠቢያውን ሲሆን፣ ሁለቱም የሰው ክብደት እንዲሸከሙ ታስበው የተተከሉ አይደሉም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ የሆነ መግቢያና መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ደንግጓል። የግል መኖሪያ ቤት በዚያ ድንጋጌ ስላልተካተተ ጉዳዩ ለባለቤቱ የተተወ ነው።

መደገፊያውን ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። እጅ በሚገባ የሚጨብጠው ውፍረቱ ከ32 እስከ 51 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ብረት ሲሆን፣ የውጭ ውፍረቱ 33 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ አንድ ኢንች የብረት ውሃ ቧንቧ በአካባቢው ብየዳ ቤት ተቆርጦና ዝገት መከላከያ ተቀብቶ ለዚሁ ሊውል ይችላል። በአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት መሠረት አግድም የሚተከለው ብረት ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይታሰራል፤ ቢያንስ 113 ኪሎ ግራም መሸከምም ይጠበቅበታል።

ዋናው ጉዳይ ግን ግድግዳው ነው። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ በፕላስቲክ ፊሸርና በአጭር ብሎን የታሰረ መደገፊያ በሚፈለግበት ቅጽበት ሊነቀል ይችላል። ይህ ደግሞ ጭራሹን ካለመኖሩ የከፋ ነው፤ ሰው አምኖት ክብደቱን ጥሎበታልና። በመሆኑም በግንባታ ላይ ባለ ቤት ብረቱ የሚያርፍበትን የብሎኬት ክፍተት በኮንክሪት መሙላት፣ የውሃ ቧንቧ የሚያልፍበትንም መስመር ከልስን በፊት ለክቶ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ባለቀ ቤት ብሎኑን ግድግዳውን አሳልፎ በወዲያኛው ወገን በጠፍጣፋ ብረት ማሰር ይቻላል። በጭቃ ቤት ደግሞ መደገፊያው የሚታሰረው ከቋሚው እንጨት ጋር እንጂ ከምርጉ ጋር አይደለም።

ቁጢጥ በሚባልበት መጸዳጃ ቤት አስቸጋሪው መነሣቱ በመሆኑ፣ በጎን በኩል ቀጥ ብሎ የሚተከል ብረት ይበልጥ ያግዛል። ውሃ ሲቋረጥ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው በርሜልና ጀሪካንም ወደ ብረቱ የሚወስደውን መንገድ መዝጋት የለበትም። ተከላው ሲጠናቀቅ በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ መጀመሪያ ሊሞክረው የሚገባው አዛውንቱ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጠንካራው ጎልማሳ ነው።