የቲሞች ላይ ፆታዊ ጥቃት ሲደርስ ሕጉ ምን ይላል?



የምትለግሱት ሰደቃ የቲሙን ከረሀብና ከእርዛት ይታደጋል፤ ትምህርት ቤትም ያስገባዋል። ይሁን እንጂ አባቱ የሞተበት ልጅ ከጉርሱ ሌላ ጠበቃውንም አጥቷል። በአጎት፣ በእንጀራ አባት ወይም በሩቅ ዘመድ ቤት የሚያድጉ ልጆች ጥቃት ሲደርስባቸው የሚጮህላቸው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ የሚያሳፍር ይመስላቸው ይሆናል፤ እኛ ግን ዝምታው ይበልጥ ያሳፍራል እንላለን።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ በቅድሚያ የሚጠሩት ሽማግሌዎች ናቸው። «ስሟ ይጠፋል፣ ዝምድናው ይቆረጣል» ይባልና ነገሩ በካሣ ይሸፈናል፤ ከዚህም የከፋው ልጅቱን ለደፈራት ሰው መዳር ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ተጠቂዋን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ ቤተሰቡ «ይቅር ብለናል» ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ከማቅረብ አይታገድም።

በሕጉ አንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተጠቂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነች፣ ወይም በአጥፊው ጥበቃ ሥር የምትኖር ወይም የእርሱ ጥገኛ ከሆነች ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። የየቲሟ ጉዳይ ከዚህ ላይ ነው፤ የሚያበላትና የሚያለብሳት ሰው በደሏን ሲፈጽም ሕጉ ውለታውን እንደ ማቅለያ ሳይሆን እንደ ማክበጃ ያየዋል። ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ ሲፈጸም ደግሞ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ልጅ በመሆኗ «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ ተቀባይነት የለውም። ወንዶች ልጆችም በዚሁ ሕግ ይጠበቃሉ። በሸሪዓችንም የተገደደች ሴት ወንጀል እንደሌለባት ዑለማእ የተስማሙበት ነው።

አንዳንድ ቤተሰቦች ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ እንደሚገባቸው ያስባሉ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ግን ሥልጣናቸው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍ፣ በልጆች ሞግዚትነትና በመሳሰሉት ላይ ነው። የወንጀሉ ክስ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ሲሆን አቤቱታው የሚጀምረው ከፖሊስ ነው። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ በመሆኑ ቤተሰቡ ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብ የለም። ተጎጂዋ ካሣ መጠየቅም ትችላለች።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ውድ ናቸው። ልጅቱ ከመታጠቧ በፊት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ፤ የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ይጠቅለል፣ በፌስታል አይታሰር፣ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋልና። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ነው። ጊዜው አልፏል ብላችሁ ግን አትቅሩ፤ ሕክምናውም ምስክርነቱም ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚያገለግሉበት ማዕከል አለ፤ ልጅቱ የደረሰባትን ለአራት ሰው አራት ጊዜ እንዳትናገር የታሰበ ነው።

ልጆች ዝም የሚሉበት አንድ ምክንያት ከእኛም ጋር የሚያያዝ ነው፦ «ከተናገርኩ ከዚህ ቤት እባረራለሁ፣ ድጎማውም ይቀርብኛል» ብለው ይፈራሉ። ስለሆነም የቲሞችን የምትጎበኙ ለጋሾች፣ ድጎማው የልጁ እንጂ የአሳዳጊው አለመሆኑን፣ ወደ ሌላ ቤት ቢዛወርም እንደሚከተለው፣ ለልጁ በራሱ ጆሮ ንገሩት።