የነፍስ ወከፍ ወጪ ጨመረ ሲባል

ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚመለሱ እናቶች «ብሩ በዛ፣ ዘንቢሉ ግን ቀለለ» ሲሉ እንሰማለን። በሌላ በኩል የአንድ ሰው ዓመታዊ ወጪ ከፍ ማለቱ በዜና ይነገራል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? በዛሬው ዝግጅታችን ይህንኑ እንመለከታለን።

መንግሥት የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም አካሂዷል። ጥናቱን የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል። በጥናቱ ላይ ተመሥርቶ የድህነት መስመር ይሰመራል፤ ይኸውም ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብና ሌሎች መሠረታዊ ነገሮች በዓመት የሚያስወጡት ገንዘብ ነው። መስመሩ በ1988 ዓ.ም 1,075 ብር ነበር። በ2003 ወደ 3,781፣ በ2008 ደግሞ ወደ 7,184 ብር ደረሰ። እንግዲህ በ1988 በዓመት 2,000 ብር ያወጣ የነበረ ሰው ከመስመሩ በላይ ነበር፤ በ2008 5,000 ብር ያወጣው ግን ከመስመሩ በታች ነው። ወጪው ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ሳለ ኑሮው ወደ ኋላ ሄዷል።

ይህ ሲባል ጭማሪው ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። ከመስመሩ በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ከመቶ 45.5 ነበር፤ በ2008 ወደ 23.5 ወርዷል። ይሁንና የዓለም ባንክ እንዳመለከተው ከ1997 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት እጅግ ድሃ የሆኑት ፍጆታቸው ቀንሷል። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ እንዴት እንደናረ የማያስታውስ አለን? ዋጋ ሲወጣ ሸጦ የሚያተርፈው የሚተርፈው እህል ያለው ነው፤ ገዝቶ የሚበላው ይጎዳል።

ገዝቶ የሚበላው ደግሞ የከተማ ሰው ብቻ አይደለም። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስ የሚያመርት ገበሬ በጥናቱ ሲቆጠር ከጎተራው አውጥቶ የበላው እህል በአካባቢው ገበያ ዋጋ ተሰልቶ እንደ ወጪ ይያዝለታል። ስለዚህ በኪሱ ብር ባይኖርም የነፍስ ወከፍ ወጪው ዜሮ አይሆንም። መሬቱ ጠባብ የሆነው ግን ክረምት ሲገባ ጎተራው ይራቆታል፤ እሱም እንደ አዲስ ዓለም ነዋሪ በውድ ዋጋ ሸማች ይሆናል።

እዚህ ላይ ዘካተል ፊጥርን ማስታወስ ይገባል። በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ እህል ለሕፃኑም ለአዋቂውም እኩል ይወጣል። የብር ዋጋ ቢወድቅም ሷዑ አይጎድልም። ጥናቱ በአንጻሩ ሕፃኑን ከአዋቂ ያነሰ አድርጎ ይቆጥራል፤ የሚበላው ያነሰ ነውና።

እንግዲህ በየመስጂዱ የተቸገሩ ቤተሰቦችን ስም የምትመዘግቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ «በወር ስንት ብር ታገኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ያሳስታል። በቤቱ ስንት ነፍስ አለ? ከጎተራ ምን ይበላል? እህሉ በየትኛው ወር ያልቃል? የ2008ቱ ጥናት ዓመቱን ሙሉ የተካሄደውም በከንቱ አይደለም። በወገራ ጥር ላይ የተጠየቀ ቤትና ነሐሴ ላይ የተጠየቀ ቤት፣ ቤቱ ያው ሆኖ ሳለ መልሱ ይለያያል።