የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከየት ይመጣል? ተረትና እውነታ

ከዕለት ሥራው በኋላ በቤቱ ተቀምጦ ኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት የሚመኝ ሰው፣ ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ ከወዳጅ፣ ከሻጭና በሙያው ከቀደሙት የሚሰማው ምክር ብዙ ነው፤ ከዚያም ምክር የሚበዛው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ማንም ሳይመረምረው እንደ ቀኖና የጸና ልማዳዊ አስተያየት ነው። ጉዳቱ ብር በከንቱ መውጣቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ጀማሪው ሊያስብበት የሚገባውን ትቶ ስለማይጠቅመው ነገር ሲጨነቅ፣ የያዘው መሣሪያ ሳይቃና ይቀርና፣ ጥፋቱ የጣቶቹ መስሎት የወደደውን ጥበብ ይተዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የዚህ መሣሪያ ድምፅ ከየት እንደሚወለድ ማወቅ ይገባል።

ውድ እንጨት የሌለው ጊታር ጥሩ ድምፅ የለውም ሲባል እንሰማለን። ለቦክስ ጊታር የአካሉ ሥራ ለድምፁ ትልቅ ነገር ነው፤ ለክራርና ለበገናም እንዲሁ፤ በእነዚህ የክሩ ንዝረት ወደ ሣጥኑ ወይም ወደ ተወጠረው ቆዳ ተሻግሮ አየሩን የሚያናውጠው ያ አካል ነውና። የኤሌክትሪክ ጊታር ባሕርይ ግን ሌላ ነው። ከክሮቹ ሥር የተቀመጠው ፒክአፕ የሚባለው ክፍል፣ እጅግ የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመበት ማግኔት ነው፤ የብረት ክር በላዩ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያውካል፣ ከዚያ ሁከት የተነሣ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያም ኤሌክትሪክ በገመዱ አልፎ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ይጎላና በስፒከሩ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ማግኔቱ የሚያውቀው የብረትን እንቅስቃሴ ነው እንጂ የእንጨትን ዋጋ አይደለም፤ የናይለን ክር ቢታሰርበት ዝም የሚለው ስለዚህ ነው። እንጨት ፈጽሞ አይረባም ማለቴ አይደለም፤ ክሩን አጽንቶ ይይዛል፣ የመሣሪያውን ክብደትና ምቾት ይወስናል፤ ነገር ግን ወደ ጆሮ የሚደርሰውን ድምፅ በይበልጥ የሚወስኑት የፒክአፑ ዐይነትና ቦታ፣ ከክሩ ያለው ርቀት፣ የክሩ አዲስነትና የስፒከሩ ጠባይ ናቸው። በአንዱ ጊታር ላይ መምረጫውን በአንገቱ አጠገብ ካለው ፒክአፕ ክሮቹ በአካሉ ላይ በሚያርፉበት በብሪጁ አጠገብ ወዳለው ቢያዞሩት፣ የለሰለሰውና የሞላው ድምፅ ወዲያው ስለታምና ብሩህ ይሆናል፤ እንጨቱ ግን ያው ነው።

ለዚህ ከታሪክ አንድ ምስክር ልጥቀስ። እንግሊዛዊው ብራያን ሜይ ገና ወጣት ሳለ የሚመኘውን ጊታር ለመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ከነበሩት አባቱ ጋር ሆኖ በቤቱ መሥራት ጀመረ። አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ምድጃ በተነሣ እንጨት ቀረጸው፤ ለአካሉ የአሮጌ ጠረጴዛ እንጨት አዋለ፤ በአንገቱ ላይ የሚታዩትን ነጥቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን ባገኛቸው የዛጎል አዝራሮች ሠራ፤ ድምፁን ከሚያወዛውዘው ክፍል ሥር የገቡት ሞላዎች የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሞላዎች ናቸው፤ ክሩንም የሚመታው እንደ ሌሎቹ በፕላስቲክ ሳይሆን ስድስት ፔንስ በሚባለው የእንግሊዝ ሳንቲም ነው። ከዓመት በላይ ፈጅቶ የተፈጸመው ይህ ጊታር ከኩዊን ባንድ ጋር በቀረጻቸው አልበሞችና በታላላቅ መድረኮች ሁሉ ዋና መሣሪያው ሆኖ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በንግሥት ኤልሳቤጥ የ50ኛ ዓመት የንግሥና በዓል፣ በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ የተጫወተው በዚሁ ነው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከንም ከቆሻሻ መጣያ ያነሣውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አገጣጥሞ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር አበጀ፤ ሜይ በስቱዲዮ የጊታርን ድምፅ እንደ ኦርኬስትራ ሲደራርብ ይህችኑ ትንሽ ሣጥን ይጠቀም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ነገር ነው። የዛሬ ፋብሪካዎች እንጨቱን የሚቆርጡት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ስለሆነ፣ በርካሹና በውዱ መካከል የነበረው የልክ ልዩነት ጠቧል፤ ርካሹን ብዙ ጊዜ የሚያሳንሰው የመጨረሻው የእጅ ሥራ መጉደል ነው፤ ፍሬት የሚባሉት በአንገቱ ላይ የተተከሉ ብረቶች ጫፋቸው አልተሞረደም፣ ክሩ በጊታሩ ራስ በኩል የሚያርፍበት ጎድጓዳ በልኩ አልተቆረጠም፣ አንገቱ አልተቃናም። ይህ ሁሉ በባለሙያ እጅ ይታረማል። ገዢው ገና በሱቁ ውስጥ ሳለ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ይጫነው፤ በመካከሉ፣ በ7ኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል አንድ ወፍራም ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ቢታይ አንገቱ ደኅና ነው፤ ክፍተቱ ከዚያ እጅግ ከሰፋ ግን ጎብጧልና፣ በውስጡ ያለው የብረት ዘንግ በቁልፍ እየተጠበቀ መቃናት አለበት። ቀጥሎ በ12ኛው ፍሬት ትክክል ክሩን ሳይጫነው በጣቱ ነካ ብቻ አድርጎ ይምታና የሚወጣውን ጥርት ያለ ድምፅ ያድምጥ፤ ከዚያ በዚያው ፍሬት ላይ ተጭኖ ይምታው፤ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ተጭኖ የመታው ከፍ ብሎ ከተሰማ በብሪጁ ላይ ያለው የክሩ ማረፊያ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ይቀርባል። በዚያው በ12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ አናት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢርቅ ለጣት ይመቻል። ይህ ካልተደረገ፣ በስንት ሺህ ብር ቢገዛም፣ ትክክለኛው ጣት በትክክለኛው ስፍራ አርፎ የተሳሳተ ድምፅ ያወጣል፤ ጀማሪውንም ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው።

ስለ አምፕሊፋየር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋቱን ነው፤ 100 ዋት ከ10 ዋት አሥር እጥፍ ይጮኻል ብሎ ይገምታልና። የሰው ጆሮ እንዲህ አይቆጥርም፤ ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲሆን ለጆሮ የሚሰማው ጩኸት እጥፍ ያህል ብቻ ነው፣ ከ50 ወደ 100 ዋት መውጣትም የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ለመኝታ ቤት 5 ዋት ይበዛል እንጂ አያንስም። በተለይ በቫኩም ቱቦ የሚሠራው፣ ባለ ቱቦ የሚባለው አምፕሊፋየር ድምፁ የሚሞቀውና የሚሻክረው ወደ ኃይሉ ወሰን ሲቀርብ ስለሆነ፣ ባለ 100 ዋቱ ያን መልካም ጠባዩን በቤት ውስጥ ሊያሳይ አይችልም። ትንሹ እንደሚበቃም ምስክር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣውን የሌድ ዘፔሊን ባንድ የመጀመሪያ አልበም ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ፔጅ በአብዛኛው የቀረጸው በቴሌካስተር ጊታርና በትንሽ ሱፕሮ አምፕሊፋየር ነው።

በአንጻሩ አምፕሊፋየር ከነጭራሹ አያስፈልግም፣ የቤቱ ማጫወቻ ይበቃል የሚሉም አሉ። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በብዛት ያስቀራል፤ የሻከረ የጊታር ድምፅ በዚህ ማጣሪያ ሳያልፍ በሙዚቃ ማጫወቻ ወይም በሄድፎን ሲወጣ ጆሮ የሚቧጥጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ሌሊት በሄድፎን ሊጫወት የሚሻ ሰው የስፒከርን ጠባይ የሚያስመስል መሣሪያ ይግዛ። ባለ ቱቦውን አምፕሊፋየር ግን ስፒከሩን ነቅሎ ማስነሣት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች በሻንጣ የሚልኩት አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ የሚሆነው የታወቀ ነው። ከጀርባው የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት አይገባም፤ ቮልት የሚቀንሰው ትራንስፎርመርም የሚመረጠው በስፒከሩ ዋት ሳይሆን መሣሪያው ከመስመሩ በሚወስደው ኃይል ነው፣ ይህም ከፍ ያለ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን፣ የሚያጉረመርመውን ድምፅ ለማጥፋት የሶኬቱን የመሬት መስመር ቁረጠው የሚለው ምክር ነው። የጊታሩ ክሮች በብሪጁ በኩል ከዚያ መስመር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እጅ ክሩን ሲነካ ጉርምርምታው የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። መስመሩ ተቆርጦ አምፕሊፋየሩ አንድ ቀን ቢበላሽ፣ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በተጫዋቹ አካል ነው፤ ሰው የሞተበትም ነገር ነው። ፒክአፑ ከአካባቢው የሚሰበስበውን ጉርምርምታ የሚያጠፋው ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለው ሃምበከር የተባለው ፒክአፕ ነው፤ አንዱ የሰበሰበውን ሁከት ሌላው ይሽረዋል።

በቦክስ ጊታር ያልጀመረ ኤሌክትሪክ ጊታር አይችልም የሚለው መሠረት የለውም፤ የኤሌክትሪኩ ክር ቀጭንና ለጣት የቀለለ ነው። ወፍራም ክር ብቻ ነው ድምፅ ያለው የሚለውም እንዲሁ፦ በፋብሪካ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ያጣው የብላክ ሳባት ባንዱ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ ቀጭን ክር ተጠቅሞ ነው ያን ከባድ ድምፅ ያወጣው።

ቀጭን ክር ለእኛ ዜማ ደግሞ የበለጠ ጥቅም አለው። ጊታር በፈረንጅ ሥርዓት የተቃኘ ስለሆነ ቅኝታችንን አይሸከምም የሚሉ አሉ፤ የሮሃ ባንዱን ጊታር ተጫዋች ሰላም ስዩምን የሰማ ግን እንዲህ አይልም። ፍሬቶቹ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ይከፍሉታል፤ በእነዚህ ውስጥ ትዝታ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ባቲ በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፤ አምባሰል በዶ፣ ዝቅ ባለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ባለ ላ፤ አንቺሆዬም በዶ፣ ዝቅ ባለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ባለ ሶልና ላ ይገኛሉ። እርግጥ ነው፣ የክራር ደርዳሪ ክሩን የሚቃኘው በጆሮው ነውና ልኩ ከዚህ እኩል ክፍፍል በጥቂቱ ሊለይ ይችላል። ጊታሩ ግን ለዚህ መንገድ አለው፤ ክሩ በጣት ወደ ጎን ሲገፋ ድምፁ በሁለት ፍሬቶች መካከል ወዳለው ስፍራ ይወጣል። የክራር ቅጂ ከፍቶ አብሮ የሚጫወት ሰው በአምባሰሉ ዝቅ ያለ ሬ ላይ ሲደርስ፣ ጊታሩ ከክራሩ ዝቅ ካለበት በዚያው ፍሬት ላይ ክሩን ቀስ አድርጎ እስኪገጥም ይግፋው፤ ከፍ ካለበት ደግሞ ከአንድ ፍሬት በታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይሳበው።