ድላን ስለሚባለው የዌልስ ስም አመጣጥና መስፋፋት

ድላን የሚባለው ስም በዌልስ አገር በጥንታዊ ተረት ውስጥ የታወቀ ቢኾንም፣ ለልጆች መጠሪያነት የተስፋፋው ግን በቅርብ ዘመን ነው።

ምንጩ ማቢኖጊ የተባለው ተረት ሲኾን፣ ይህም በ14ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ ብራናዎች ተጠብቆ ይገኛል። በአራተኛው ክፍል እንደሚነገረው፣ የግዊኔዝ ገዥ ማት የእኅቱን ልጅ አሪያንሮድን ድንግል መኾኗን ሊፈትን በአስማት በትሩ ላይ ባሻገራት ጊዜ፣ ጠጕሩ ቢጫ የኾነ ወንድ ልጅ ከእርሷ ወደቀ። ማትም አስጠምቆ ድላን አለው። ልጁ ወዲያው ወደ ባሕር ገብቶ የባሕርን ጠባይ ያዘ፤ እንደ ዓሣ ዋኘ፤ ማዕበልም ከበታቹ ተሰብሮ አያውቅም። ስለዚህ «የማዕበል ልጅ» ተባለ። በመጨረሻ የገደለው አጎቱ ጎቫኖን ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም የስሙን ትርጓሜ ከባሕር ሙላት ጋራ ያያይዙታል።

በዌልስ ሰው ቀድሞ የሚጠራው እንደ እኛው በራሱና በአባቱ ስም ነበር። በኋላ ግን የአባት ስም በእንግሊዝ ልማድ የቤተ ሰብ ስም ኾኖ ሲጸና፣ ሕዝቡ ጆንስ፣ ዊልያምስ፣ ቶማስ በሚባሉ ጥቂት ስሞች ተጨናነቀ። ስለዚህ ሰውን ከሰው ለመለየት የተጸውዖ ስም ብዙ አገልግሎት ነበረው። ሌዲ ሻርሎት ጌስት ከ1838 እስከ 1849 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ተረቶቹን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕማ ስላሳተመች፣ የተረሱት ስሞች በብዙ አንባቢ እጅ ገቡ።

በ1914 የስዋንሲ ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ዲ. ጄ. ቶማስ ይህን ስም ለልጁ ሰጠ። ከጥቂት ወራት በፊት በሎንዶን የጆሴፍ ሆልብሩክ «ድላን» የተባለ ኦፔራ ታይቶ ነበርና ስሙ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ ለሕፃን ማውጣት ግን ያልተለመደ ነበር። የዌልስ ሰው የመጀመሪያውን ፊደል ወደ ሳድስ አስጠግቶ «ድላን» ይላል። እናቱ ግን በእንግሊዝኛ «ፈዛዛ» ከሚለው ቃል ጋራ ስለሚመሳሰል ልጆች ይሣለቁበታል ብላ ሠጋች ይባላል። ልጁም አድጎ ታላቅ ባለቅኔ ሲኾን፣ በሬዲዮ የሚያስተዋውቁትን ሰዎች በሣልስ «ዲላን» እንዲሉት ይነግራቸው ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የስሙ ዕድል የተወሰነው በዚህ ነው፤ የአገሩን ድምፅ ትቶ ለውጭ ሰው አፍ የተመቸ ኾኗልና።

ባለቅኔው በ1953 በኒው ዮርክ ሞተ። በ1962 ሮበርት ዚመርማን የተባለው ወጣት አሜሪካዊ ዘፋኝ ስሙን በሕግ ለውጦ ቦብ ዲላን ተባለ። ስሙን ከባለቅኔው መውሰዱን አስቀድሞ ሲክድ ቢቆይም፣ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ያን ጊዜ የዲላን ቶማስን ቅኔዎች አይቶ እንደ ነበር ጽፏል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ብዙ ወላጆች ስሙን ያወጡ ጀመር። በ1990 የቤቨርሊ ሂልስን ወጣቶች የሚያሳየው የቴሌቪዥን ድራማ ዲላን የሚባል ጐልማሳ ካቀረበ በኋላ ደግሞ ይበልጥ በዛ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለወንዶች ልጆች ከሚወጡት ከመጀመሪያዎቹ 30 ስሞች አንዱ ኾነ። ከእነዚያ ወላጆች ማቢኖጊን ያነበበ ብዙ አይመስለኝም። ዛሬ በአሜሪካ ለሴት ልጅም ይወጣል፤ ዌልስኛ በሚነገርበት ቤት ግን እስከ አሁን በሳድስ ይጠራል።