የውበት መርፌ፦ መርፌውን የሚይዘው ማን ነው?

እስከ ዛሬ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ቦቱሊነም ቶክሲን ነው። ይህንኑ መርዝ በዘመናችን በርካታ ሰዎች የፊታቸውን ሽብሽብ ለማለስለስ ሲሉ ገንዘብ ከፍለው በግንባራቸው ይወጉታል። ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመርዝና በመድኃኒት መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የመጠን ልዩነት መሆኑን ለሚያውቅ የሳይንስ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። የሚያስገርመው ሌላ ነው፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ በውበት ሳሎን፣ በሆቴል ክፍልና በመኖሪያ ቤት ሙያው በውል ለማይታወቅ ሰው እጅ ሲሰጥ መታየቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የውበት መርፌ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ በሚለው ክርክር ውስጥ አይገባም። ለመወጋት ያሰበ ሰው ባለሙያውን በምን ሊመዝነው እንደሚገባ፣ መመዘኛውም ከሳይንሱ እንዴት እንደሚመነጭ ለማስረዳት ይሞክራል።

ከተመረዘ ሥጋ እስከ ግንባር ሽብሽብ

እ.ኤ.አ. በ1895 ኤለዜል በተባለች የቤልጅግ መንደር አንድ የሙዚቃ ጓድ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከተጫወተ በኋላ አባላቱ አብረው የተመገቡት የአሳማ ሥጋ ብዙዎቹን አሳመመ፤ ሦስቱንም ገደለ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለው የቤልጅግ ሊቅ ጉዳዩን መርምሮ የመርዙን ምንጭ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ አላን ስኮት የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የዐይን ሐኪም መርዙን እጅግ በአነስተኛ መጠን ወደ ዐይን ጡንቻዎች በመውጋት የዐይን መንሸዋረርን ማከም እንደሚቻል አሳየ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚሁ ሕክምና ፈቀደው። ካናዳውያኑ ባልና ሚስት ሐኪሞች ዣን እና አላስቴር ካራዘርስ በበኩላቸው መርፌው በቅንድቦች መካከል ያለውን ሽብሽብ እንደሚያለሰልስ እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፈው አሳተሙ። ቦቶክስ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው መድኃኒት በአሜሪካ ለዚህ የውበት አገልግሎት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

አሠራሩ የሚደነቅ ነው። አንድ ነርቭ ጡንቻን ለማዘዝ ሲፈልግ ጫፉ ላይ በጥቃቅን ከረጢቶች የተቋጠረውን አሲታይልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቃል። ከረጢቶቹ ከነርቩ ሽፋን ጋር ተዋሕደው ይዘታቸውን እንዲያፈሱ የሚያስችሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ስናፕ-25 ይባላል። ቦቱሊነም ቶክሲን ወደ ነርቩ ጫፍ ገብቶ ይህን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ከረጢቱ ይቀራል፤ ትእዛዙ ግን ከጡንቻው አይደርስም። ግንባር የሚያስቋጥረው ጡንቻ ይዝላል፣ በላዩ ያለው ቆዳም ይለሰልሳል። ውጤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምርና ከሦስት እስከ አራት ወራት ያህል ይቆያል። አንድ ጊዜ ወደ ነርቩ የገባውን ቶክሲን ወደ ኋላ የሚመልስ መድኃኒት ግን የለም። ፀረ መርዙም ቢሆን በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን እንጂ ከነርቩ የገባውን አይነካውም። ስለዚህ ቶክሲኑ ወደ ጎረቤት ጡንቻ ዘልቆ የዐይን ቆብ ቢያወርድ ያለው አማራጭ ጊዜው እስኪያልፍ መታገሥ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ እንመለስ። በቅንድቦች መካከል ላለው ሽብሽብ የሚሰጠው የተለመደ የቦቶክስ መጠን በአምስት ነጥቦች የተከፋፈለ 20 ዩኒት ነው። 100 ዩኒት የያዘ አንድ ብልቃጥ በውስጡ ያለው ቶክሲን ከነተጓዳኝ ፕሮቲኖቹ ወደ 5 ናኖግራም ይጠጋል፤ ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እንግዲህ 20 ዩኒት 1 ናኖግራም ያህል መሆኑ ነው። በዐይን የማይታይ፣ በተራ ሚዛን የማይመዘን መጠን ነው። ተወጊው መጠኑን በራሱ የሚያረጋግጥበት አንዳች መንገድ የለውም፤ በአምራቹና በመርፌ ወጊው ታማኝነት ላይ ብቻ ይመሠረታል።

ይህ ታማኝነት ሲጓደል ምን እንደሚከተል በአሜሪካ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 የደረሰው ጉዳይ በሚገባ ያሳያል። አራት ሰዎች ለውበት ብለው ከተወጉ በኋላ በቦቱሊዝም ሽባ ሆነው ሆስፒታል ገቡ። ከአራቱ አንዱ መርፌውን የወጋው ሰው ራሱ ነበር። የተጠቀመበት ለሰው የተፈቀደውን መድኃኒት ሳይሆን ለቤተ ሙከራ ምርምር ብቻ የተዘጋጀ ጥሬ ቶክሲን ነበር። መርማሪዎቹ በሦስቱ ሕሙማን ደም ውስጥ ያገኙት መጠን ሰውን ለመግደል ይበቃል ተብሎ ከሚገመተው ከ21 እስከ 43 እጥፍ ይሆናል። ከዚያው ምርት የተወሰደ ባለ 100 ማይክሮግራም ብልቃጥ፣ ማለትም 100,000 ናኖግራም፣ በእኩል ቢከፋፈል ከ14,000 በላይ ሰዎችን ሊገድል የሚችል ቶክሲን የያዘ ነበር። አራቱም በፀረ መርዝና በረዥም የሆስፒታል ሕክምና ከሞት ተረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ነጥብ አለ። መርፌውን የወጋው ሰው በሕክምና የሠለጠነ ነበር፤ የሥራ ፈቃዱ ግን ታግዶ ነበር። ስለዚህ “ዶክተር ነው” የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። ፈቃዱ ዛሬ የጸና መሆኑና መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። ከሃያ ዓመት በኋላም ትምህርቱ የተወሰደ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ባልተያዘ የቦቱሊነም መርፌ የተጎዱ 22 ሰዎች በ11 ግዛቶች መገኘታቸውን አስታወቀ፤ 11ዱ ሆስፒታል ተኝተዋል። የተወጉት ፈቃድ ወይም ሥልጠና በሌላቸው ሰዎች አለዚያም እንደ መኖሪያ ቤትና የውበት ቤት ባሉ የሕክምና ተቋም ባልሆኑ ቦታዎች ነበር።

ሙሌትና የዐይን ደም ሥር

ሁለተኛው ዓይነት የውበት መርፌ ጡንቻን አያዝልም፤ ጎደለ የተባለውን ይሞላል። በተለምዶ ፊለር የሚባለው ሙሌት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከተባለ ውሃ ያዥ ሞለኪዩል ነው። ይህ ሞለኪዩል በገዛ ቆዳችንና በመገጣጠሚያዎቻችን ውስጥም ስለሚገኝ ሙሌቱ ከቶክሲኑ ይልቅ የዋህ ይመስላል። በእኔ ግምት ግን ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው እርሱ ነው፤ አደጋው ከኬሚስትሪው ሳይሆን ከሚገባበት ቦታ የሚመጣ ነውና።

በግንባርና በአፍንጫ አካባቢ ያሉ አንዳንድ ደም ቅዳዎች ዐይንን ከሚመግበው ደም ቅዳ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። የመርፌው ጫፍ ሳይታወቅ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ቢገባና ሲሪንጁ በኃይል ቢገፋ፣ ግፊቱ ከደሙ ግፊት ይበልጥና ሙሌቱ የደሙን ጉዞ ተቃርኖ ወደ ኋላ ይነዳል። እጅ ከሲሪንጁ ሲነሣ ደሙ ወደ ተለመደው አቅጣጫው ይመለሳል፤ በመንገዱ ያገኘውንም ሙሌት ገፍቶ ወደ ሬቲና ይወስደዋል። የዐይን ብርሃን በዚያው ቅጽበት ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ዓይነቱ አደጋ ብርቅ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2015 መጀመሪያ ድረስ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የታተሙትን ሪፖርቶች የሰበሰበ ጥናት በፊት ሙሌት ሳቢያ ዕይታቸው የተጎዳ 98 ሰዎችን አግኝቷል። ግማሽ ያህሎቹ የተወጉት ከራሳቸው ሰውነት የተወሰደ ስብ ሲሆን፣ ሩብ የሚጠጉት ሃያሉሮኒክ አሲድ ነበር። ከጠቅላላው 38ቱ በቅንድቦች መካከል፣ 25ቱ በአፍንጫ አካባቢ የተወጉ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የአደጋው ቦታዎች በአጋጣሚ የተበተኑ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል፤ የሰውነት ቅርጸ አካልን ጠንቅቆ ያጠና ሰው አስቀድሞ የሚያውቃቸው ቦታዎች ናቸው።

ሙሌቱ የቆዳን ደም ሥር ሲዘጋ ደግሞ ቆዳው ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ምልክቶቹ ድንገተኛ ሕመም፣ የቆዳ መንጣትና በኋላም እንደ መረብ የተዥጎረጎረ መልክ ናቸው። እዚህ ላይ ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለ። መጻሕፍቱ “የቆዳ መንጣት” የሚሉት ምልክት በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ ይችላል። ባለሙያው ቆዳውን በጣቱ ተጭኖ ሲለቀው ደሙ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስ መመልከት፣ የተወጊውንም የሕመም ስሜት በቁም ነገር መስማት ይኖርበታል። ጥቁር ቆዳ ከጉዳት በኋላ የመጥቆርና ከፍ ያለ ጠባሳ የማውጣት ዝንባሌም ስላለው፣ በነጭ ቆዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ እጅ ለእኛ ሙሉ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ኤንዛይም አለ። የተዘጋውን የቆዳ ደም ሥር በጊዜው ከተወጋ ሊከፍተው ይችላል። ለዐይን ያለው ጊዜ ግን እጅግ አጭር ነው። በጦጣዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሬቲና ለ97 ደቂቃ ደም ቢያጣም ጉዳት አልታየበትም፤ አራት ሰዓት ሲሞላ ግን ጉዳቱ የማይመለስ ሆኗል። ከዚህ የምንረዳው የብቁ ባለሙያ መለኪያ ሥራው በሰላም ሲያልቅ የሚታይ አለመሆኑን ነው። መርፌ መውጋትን ማንም ጥቂት ቀን ሠልጥኖ ሊለምደው ይችላል፤ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜም ያለ ችግር ሊያልፍለት ይችላል። ልዩነቱ የሚወጣው ነገር በተበላሸባት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሀገሮች ሕግ የተለያየ ነው። በብሪታንያ ቦቱሊነም ቶክሲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይገኝ መድኃኒት ሲሆን ሙሌት ግን ለረዥም ጊዜ ማንም ሊወጋው የሚችል ነገር ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰር ብሩስ ኪዮ መሪነት የተዘጋጀው የመንግሥት ሪፖርት፣ ያለ ቀዶ ጥገና የሚሰጥ የውበት አገልግሎት የሚያገኝ ሰው እስክሪብቶ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው የበለጠ ጥበቃ እንደሌለው ገልጾ ነበር። ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሁለቱንም መርፌዎች ለውበት ሲባል መስጠት በሕግ ተከልክሏል። የዚህ መጽሔት ብዙ አንባቢዎች በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸውና ማንሣቱ አይከፋም።

በሀገራችን የመድኃኒትን ጥራትና ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የጤና ባለሙያ ደግሞ በመስኩ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ የሐኪሙን ስም በየግዛቱ የሕክምና ቦርድ መዝገብ፣ በብሪታንያ ያለው በጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት መዝገብ በኢንተርኔት ፈልጎ ፈቃዱ የጸና ወይም የታገደ መሆኑን በጥቂት ደቂቃ ሊያረጋግጥ ይችላል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ወርቅ ጠርዝ የምስክር ወረቀት ይህን መዝገብ አይተካም፤ የሁለት ቀን ሥልጠናም የምስክር ወረቀት ያሰጣልና።

ምን እንጠይቅ?

ጥሩ ባለሙያ ከመጠየቁ በፊት ራሱ ይጠይቃል። እርግዝና አለ ወይ? እንደ ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለ ጡንቻን የሚያዝል በሽታ አለ ወይ? በቅርቡ እንደ ጄንታማይሲን ያለ፣ የቶክሲኑን ኃይል ሊያጠናክር የሚችል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተወስዷል ወይ? ከዚህ ቀደም ጠባሳ ከፍ ብሎ ወጥቷል ወይ? ይህን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሲሪንጅ የሚያነሣ ሰው ቢሮው ምንም ያህል ቢያምር ትቶት መውጣት ይሻላል።

ቀጥሎ ብልቃጡን ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም። የታሸገ፣ ስሙ፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የሚነበብ መሆን አለበት። ቦቶክስ በዱቄት መልክ የሚመጣ ሲሆን በንጹሕ ሳላይን ከተበጠበጠ በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቀምጦ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ አምራቹ ያዛል። አስቀድሞ በሲሪንጅ ተሞልቶ በቦርሳ የመጣ ነገር ምን እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። “ስንት ዩኒት?” የሚለው ጥያቄም ከመድኃኒቱ ስም ጋር አብሮ ካልተጠየቀ ትርጉም የለውም። ለዚያው ለቅንድብ መካከል ሽብሽብ ቦቶክስ 20 ዩኒት ሲሆን ዲስፖርት የተባለው ሌላው ምርት 50 ዩኒት ነው፤ የአንዱ ዩኒት ከሌላው ጋር አይለዋወጥም።

ሙሌት ከሆነ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ “ደም ሥር ቢዘጋ ምን ያደርጋሉ?” ብቁ ባለሙያ ሃያሉሮኒዴዙ የት እንደተቀመጠ ያሳያል፣ ዕይታ ቢደበዝዝ ወደ የትኛው የዐይን ሐኪም እንደሚልክ ይናገራል፣ ማታ የሚደወልበትን ስልክ ይሰጣል። “በእኔ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም” የሚል መልስ ምንም እንኳ እውነት ቢሆን ለጥያቄው መልስ አይደለም። ሲሊኮን የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ኤንዛይሙ በሲሊኮን ላይ እንደማይሠራ፣ የገባውንም ለማውጣት እጅግ አዳጋች እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ከተወጉ በኋላ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ቢያስቸግር፣ ዕይታ ቢደበዝዝ ወይም የቆዳው ቀለም ተለውጦ ሕመሙ እየበረታ ቢሄድ ነገ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ቶክሲኑ ርቆ የመዛመቱ ምልክት ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ዘግይቶም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከክሊኒኩ ሲወጡ የምርቱን ስም፣ የመለያ ቁጥሩንና የተወጋውን መጠን የያዘ ወረቀት ተቀብሎ ማስቀመጥ ይገባል፤ የድንገተኛው ክፍል ሐኪም ሙሌቱ ሃያሉሮኒክ አሲድ መሆን አለመሆኑን ካላወቀ ኤንዛይሙ ይጠቅም እንደሆነ ለመወሰን ይቸገራልና።