ማዕረግ፣ ዝናና ሥልጣን፦ የሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም የውትድርና ሕይወት

(በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ)



ዩኒቨርሲቲያችንና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት በዚህ ማዕከል ተገኝታችሁ ስለምታደምጡኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማቀርበው የአንድ ከፍተኛ መኮንን ታሪክ ነው። ዓላማዬ ጀግና ማወደስ ወይም ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። አንድ የጦር አዛዥ ሥልጣኑን ከየት ያገኛል? የሚለውን ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት መመርመር እፈልጋለሁ።

ለማብራራት ያህል ሦስት ምንጮችን እለያለሁ። የመጀመሪያው ሹመት ሲሆን ከላይ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ዝና ሲሆን ከወታደሩ ይመነጫል፤ ሦስተኛው ተቋም ነው፤ ይኸውም ትእዛዝ የሚተላለፍበትና የሚፈጸምበት መዋቅር ነው።

አማን ከኤርትራውያን ወላጆች በሱዳን ተወለዱ። ከጠላት ወረራ ማብቂያ ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ውስጥ አድገው ሐረር የሚገኘውን 3ኛ ክፍለ ጦር ለማዘዝ በቁ። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የድንበር ውጊያ ስማቸው ገነነ፤ «የበረሃው አንበሳ» እስከ መባልም ደረሱ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከጦር አዛዥነት ተነሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1953ቱ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ለተፈተነ ቤተ መንግሥት በወታደሩ የተወደደ ጄኔራል የሚያኮራም የሚያሰጋም ነበር። ሹመት የሰጠው እጅ ሹመቱን ወሰደ፤ ዝናው ግን ከባለቤቱ ጋር ቀረ።

በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ምክንያት ሲያምፁ የማዕረግ ሰንሰለቱ መላላት ጀመረ። ሰኔ 21 ቀን የተቋቋመው ደርግ በአብዛኛው የበታች ሹማምንትና ከሻለቃ የማይበልጡ መኮንኖች ስብስብ ስለነበረ፣ በሠራዊቱና በሕዝቡ ዘንድ የሚከበር ስም አስፈለገው። አማን በዚያው ክረምት ኤታ ማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ሊቀ መንበርነቱን ያዙ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አማን የደርጉ ሊቀ መንበር ይሁኑ እንጂ ከመሥራች አባላቱ አንዱ አልነበሩም። የኤርትራ ጉዳይ በፖለቲካ መንገድ እንዲፈታ ፈለጉ፤ ተጨማሪ ጦር እንዲላክና የታሰሩ ባለሥልጣናት እንዲገደሉ የቀረበውን አሳብም ተቃወሙ። ማዕረጉም ዝናውም ነበራቸው፤ ድምፅ የሚቆጠርበት ጉባኤ ግን የእርሳቸው አልነበረም።

ኅዳር 8 ቀን ከሥልጣን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ሊይዝ ከመጣው ጦር ጋር በመኖሪያ ቤታቸው ተኩስ ተለዋውጠው ሞቱ። በዚያችው ሌሊት አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በሊቀ መንበርነት የተተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በዚያው ደርግ ተገደሉ። ሁለቱን ጄኔራሎች አንድ የሚያደርጋቸው፣ በስም የበላይ በሆኑበት አካል ውስጥ ከሕግ የሚገኝ መከታ ማጣታቸው ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ የአዛዥ ሹመትና ሽረት በታወቀ ሕግ ካልተመራ፣ የመኮንኑ ችሎታ ለራሱ አደጋ፣ ለአገሩም ኪሳራ ይሆናል። የጦር መሪዎችን ታሪክ ስታጠኑ ከውጊያው ውሎ ባሻገር፣ ማን ሾማቸው፣ ማንስ ሊሽራቸው ይችል ነበር ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።